ድንጋዩን ማን ገደለው?

ዶሃ፣ ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

«ድንጋዩን ማን ገደለው?» ሲል በጆሮዬ ሰማሁት። የገደልኩት እኔ ነኝ።

አጎቴ፣ ሰላምታ ሳላቀርብ በወንጀል መጀመሬን ይቅር ይበሉኝ። ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ ለአቶ ባምላኩ፤ ጉልበትዎ እንዴት ይዞዎታል? እናቴስ እንዴት ሰነበተች? የደብረ ታቦር ኢየሱስ በያላችሁበት ይጠብቃችሁ። ስልክ ደውዬ ነበር፤ እርስዎ «ምን? ምን አልሽ?» ሲሉ ካርዴ አለቀ። ደግሞም የምነግርዎ ነገር ቁጥር አለበት፤ በስልክ ጩኸት ነጥብ አይሻገርም። ስለዚህ እንደ ድሮው ጻፍኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምሠራበት ቤት ሳሎን ውስጥ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የሚደርስ የመስታወት ገንዳ አለ፤ የባሕር ውኃ፣ የባሕር ዓሣና የባሕር ድንጋይ ያለበት። የባባ ነው። ባባ የቤቱ ጌታ ናቸው፤ ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው። ከልጆቻቸው ይልቅ ከዓሣዎቹ ጋር ብዙ ያወራሉ፤ ዓሣዎቹ መልስ ስለማይሰጡ ተስማምተው ይኖራሉ። በሐምሌ ገንዳው ተሰነጠቀ። እስኪጠገን ዓሣዎቹ ወደ ዓሣ ሱቅ ሄዱ፤ ድንጋዮቹ ግን በባልዲ ጨው ውኃ ውስጥ ቤት ቀሩ። አሠሪዬ ማዳም ባባን ለሕክምና ይዛ ስትወጣ «ድንጋዮቹን አደራ» አለችኝ።

እኛ አገር አደራ የተባለ ነገር ምን ይደረጋል? ይታጠባል። ደግሞ መሽተት ጀምረው ነበር። በሽቦ ፈገፈግኳቸው፣ በበረኪና ዘፈዘፍኳቸው፣ ጣሪያ ላይ ዐሥራ አምስት ቀን በዶሃ ፀሐይ አሰጣኋቸው። እንደ ጥርስ ነጡ። ማዳም ስትመጣ ትመርቀኛለች ብዬ በየመጠናቸው ደርድሬ ጠበቅኳት።

ከማዳም ጋር የዓሣ ሱቁ ሰው መጣ። ሕንድ ነው፤ ጨዋ ሰው። አንዱን አንሥቶ አሸተተና ያን ያልኩዎትን ጠየቀ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም።

ለካ ድንጋዩ ሕይወት ነበረው። በየቀዳዳው ዐይን የማያያቸው ነፍሳት ይኖሩበት ነበር፤ የገንዳውን ውኃ የሚያጠሩትም እነሱ ኖረዋል። አሁን ሞተው ውስጡ በስብሰዋል፤ ብስባሹ ፎስፌት ይለቃል። እንዲሁ ገንዳው ውስጥ ቢገባ መስታወቱ በሳምንት ውስጥ እንደ ክረምት ኩሬ አረንጓዴ ይለብሳል። ስለዚህ ድንጋዩ በበርሜል ጨው ውኃ ውስጥ ጨለማ ቦታ ይቀመጣል፤ ውኃው እየተቀየረ፣ ፎስፌቱ እየተለካ፣ ተሟጥጦ እስኪወጣ ይጠበቃል። ከ0.05 ሲወርድ ዓሣዎቹ ይመለሳሉ። መለኪያም ሰጠኝ፤ የክብሪት ቤት የምታህል። በትንሽ ብልቃጥ ውኃ ይቀዱላታል፣ ዱቄት ይበትኑበታል፣ ሲጫኗት ቁጥር ትጽፋለች። ከጣሪያው ታንከር ውኃ ቀድቼ፣ ጨው በጥብጬ፣ ድንጋዮቹን ነክሬ በሦስተኛው ቀን ለካሁ። 2.50 ብላ ብልጭ ድርግም አለች። «ከዚህ በላይ መቁጠር አትችልም» አለኝ ሰውየው።

ማዳም አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። «የገደልሽውን አንቺው አስነሽው። ዓሣዎቹ ሳይመለሱ ፈቃድ የለም» አለችና ጫማዋን አወለቀች።

አጎቴ፣ ፈቃዴ ለፋሲካ ነው። ስድስት ዓመት የጠበቅኩት ነው። ሚያዝያ ዐሥራ ሁለት ከእናቴ ጎን ተቀምጬ እንደምፈስክ ለእርሷ ነግሬያታለሁ፤ እርሷ ደግሞ ለአገር ነግራለች።

ፎስፌት የሚለውን ቃል ስሰማ ግን ልቤ ትንሽ መለስ አለ። ከልጅነቴ ጀምሮ ከአፍዎ ጠፍቶ አያውቅም። ለማዳምም «አጎቴ የፎስፌት ዶክተር ናቸው» ብያታለሁ። ዶክተር ማለቴን ይለፉኝ፤ «ጡረታ የወጣ የግብርና ሠራተኛ» በዐረብኛ ምን እንደሚባል አላውቅም። ምን ላድርግ? መልስዎን በዓሣ ሱቁ ፖስታ ሳጥን ይላኩልኝ።

ድንጋይ ገዳይዋ የእህትዎ ልጅ፣
ሰብለወንጌል


ደብረ ታቦር፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሰብለወንጌል፤ ሰላመ እግዚአብሔር በፊትሽም በኋላሽም ይሂድ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ዝናብ ከመምጣቱ አንድ ቀን ቀድሞ ያውቃል፤ ጆሮዬ ግን የሚሰማውን መምረጥ ጀምሯል። እናትሽ ለተሥላሴ ደህና ናት፤ ገብሷን አስገብታለች። ምስር ስትለቅም ምስሩን ጥላ ጠጠሩን እያስቀረች ስለተቸገረች መነጽር ላኪልኝ ብላለች።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብሁት። አንዱን ለማዘን፣ ሁለተኛውን ለመረዳት፣ ሦስተኛውን፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ለመሳቅ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከእብናት እስከ ጋፋት በእግርና በበቅሎ ስዞር የሰበክሁት አንድ ነገር ነው፤ «ፎስፌት ጨምሩ»። ገበሬው የክርስትና ስሜን ትቶ በማዳበሪያው ስም «ጋሽ ዳፕ» ይለኛል። ይኸው አሁን የገዛ እህቴ ልጅ ፎስፌት እንዴት ላስወግድ ትለኛለች። እዚህ ቀበሌው በሙሉ ለእርሱ ተራ ይዞ ይጠብቃል፤ አንቺ በየሳምንቱ አንድ በርሜል ወደ ቦይ ትደፊዋለሽ። አከፋፈሉ የእግዚአብሔር ነው፤ እኔ አልመረምርም።

ወደ ሥራው እንግባ። ድንጋይ ቂመኛ ነው፤ ነገሩን የሚይዘው በፊቱ ሳይሆን በሆዱ ነው። ውኃውን ስትቀይሪ ቁጥሩ ይወርዳል፤ ሦስት ቀን ቆይተሽ ስትለኪ ተመልሶ ይወጣል። ይህን አይተሽ አትደንግጪ፤ ከሆዱ እየወጣ ነው ማለት ነው። የቀየርሽ ዕለት የምትለኪው ውሸት ነው፤ በሦስተኛው ቀን፣ ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት ለኪ። ውኃው አይቁም፤ የቆመ ውኃ ከድንጋዩ አይቀበልም። ብልቃጡን ውስጡን በጣትሽ አትንኪ፤ የሰው ጣትም ፎስፌት አለበት። ኮምጣጤ ልጨምር፣ ሎሚ ልጭመቅበት እንዳትዪ፤ የባሕር ድንጋይ ዘሩ ኖራ ነው፤ ኮምጣጣ ይበላዋል፤ አንዴ የገደልሽውን ሁለተኛ መቅበር ይሆናል። ደብተር ያዢ።

እብናት ሳለሁ ማሩ የሚሉት እልኸኛ ገበሬ ነበር። «ስንዴዬን ያበቀለው ጸሎቴ ነው እንጂ ያንተ ዱቄት አይደለም» አለኝ። እኔም ከማሳው ጥግ ስድስት እርምጃ የምታህል መደብ ለይቼ፣ ምንም ሳይጨመርባት እንዲዘራት አደረግሁ። ሰፈሩ «የጋሽ ዳፕ ጾመኛ» ብሎ ስም አወጣላት። አጨዳ ሲደርስ ጾመኛዋ እስከ ጉልበት፣ ሌላው እስከ ወገብ ሆነ። ማሩ ዞር ዞር ብሎ አየና «ጸሎቴ እስከ ጥጉ አልደረሰም ማለት ነው» አለኝ። ቢሆንም በዓመቱ ማዳበሪያ ወሰደ። ከዚያ ወዲህ ጾመኛ መደብ ሳልለይ ስለ ምንም ነገር ምዬ አላውቅም። ይህን የምጽፍልሽ ለሥራሽ ይጠቅማል ብዬ አይደለም፤ ሽማግሌ ስለሆንሁ ነው።

ለፋሲካ አምስት ወር ሊሞላ ጥቂት ቀን ይቀረዋል። ድንጋይ ከዚህ በላይ አይኮራም።

የፎስፌት ዶክተር፣
አጎትሽ ባምላኩ


ዶሃ፣ ታኅሣሥ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለአቶ ባምላኩ፤ እንኳን ለልደቱ በሰላም አደረሳችሁ። በዓሉን ከኔ በቀር ሁላችሁም በጤና እንድታከብሩት እመኛለሁ፤ እኔ የማከብረው ከበርሜል ጋር ነው። ይህን ደብዳቤና የእናቴን መነጽር የምታመጣላችሁ ሕይወት ትባላለች፤ የአንበሳሜ ልጅ ናት፤ ከኛ አጥር ቀጥሎ ባለው ቤት ትሠራለች። ለጥምቀት ፈቃድ አግኝታ ነው። ሕይወት ድንጋይ አልገደለችም።

ያሉኝን ሁሉ አደረግኩ። ሰውየው ውኃ የምታናውጥ ትንሽ ሞተር አዋሰኝ፤ በርሜሉን በብርድ ልብስ ሸፈንኩት። ደብተር ይዣለሁ። ደብዳቤዎ ሳይደርሰኝ፣ ኅዳር 6 ቀን፣ 1.60 ነበር። ኅዳር 20 ወደ 0.75 ወረደ፤ ያን ዕለት ጣሪያ ላይ ለብቻዬ እልል አልኩ። ታኅሣሥ 4 ቀን 0.40። ታኅሣሥ 11 ቀን 0.40። 18 ቀን 0.40። ከትናንት በስቲያ 0.40።

አጎቴ፣ ቆመ። ውኃውን በሳምንት ሁለቴ መቀየር ጀመርኩ፤ ያው ነው። ከታንከሩ እቀዳለሁ፣ ጨዉን እመዝናለሁ፣ እበጠብጣለሁ፣ እለውጣለሁ፣ ሦስት ቀን እቆጥራለሁ፤ ያው ነው። «አባታችን ሆይ» ስል ሳላስበው «ነጥብ አራት» የሚል ይገባብኛል። ባባ ባዶው ገንዳ ፊት ወንበራቸውን አስቀምጠው ይውላሉ። ትናንት ሳልፍ «ሞቱ?» አሉኝ። «ሱቅ ናቸው፣ ደህና ናቸው» አልኳቸው። «ሱቅ ያለ ነገር ሁሉ ደህና ነው» አሉኝ። ምን ማለታቸው እንደሆነ እንጃ፤ እንቅልፌን ግን ወስደውብኛል።

ሱቁ ቀይ የብረት ፍርፋሪ ይሸጣል፤ ፎስፌት ይይዛል አሉ። ማዳም «ለአንቺ ጥፋት ሌላ ሳንቲም አላወጣም» አለች። ሌላም ነገር አለ። አብራኝ የምትሠራው ሊንዳ የምትባል ፊሊፒናዊት ናት፤ እርሷም ፈቃድ ትፈልጋለች። ማዳም አንዳችንን ብቻ ነው የምትለቀው። እስከ መጋቢት 25 ዓሣዎቹ ካልተመለሱ ትኬቱ የሊንዳ ይሆናል። ሊንዳ ደግ ልጅ ናት፤ በየጠዋቱ «ስንት ሆነ?» ትለኛለች። ስነግራት የምታዝን ትመስላለች፤ ከዚያ እያፏጨች ትወጣለች።

አንድ ነገር ይበሉኝ። በማርያም።

ሰብለወንጌል


ደብረ ታቦር፣ የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሰብለወንጌል፤ የታቦሩ ጌታ ልብሽን ያሳርፈው። መልእክትሽ ደርሶኛል። ሕይወት መልካም ልጅ ናት፤ ጆሮዬ ሥር ሳትጮህ የምሰማት የመጀመሪያዋ ሰው ናት።

ሳስብ ሰነበትሁ፤ መልሱ እግሬ ሥር ኖሯል። የሕንዱ ቀይ ፍርፋሪ ከብረት ዝገት የተሠራ ነው። ብረትና ፎስፌት ከተገናኙ በቁርባን እንደተጋቡ ነው፤ ፍቺ የለም። ታዲያ ዝገት የሞላበት አፈር ከጋፋት በላይ የት ይገኛል? ንጉሡ መድፍ ያሠሩበት አገር እኮ ነው። ከእናትሽ ቤት በላይ ያለው ገደል ቀይ አፈር ሠላሳ አንድ ዓመት ያበሳጨኝ ነው፤ ማዳበሪያ ሰጥተነው ሁሉን ውጦ ለሰብሉ የማያቀምስ። አንድ ጊዜ እንኳ ለዘመድ ይጥቀም አልሁ። ዶማ ይዤ ወጣሁና አራት ኪሎ ያህል ቆፈርሁ።

ስመለስ መንገድ ላይ ጠመንጃ ያነገቱ ልጆች አስቆሙኝ።

«አባት፣ ምን ይዘዋል?»

«አፈር።»

«ወዴት ነው?»

«ዶሃ።»

ተያዩ። አንደኛው ከረጢቱን ፈትቶ እጁን እስከ ክንዱ ሰደደ። «እውነትም አፈር ነው» አለ፤ ትንሽ ያሳዘነው መሰለኝ። «ዶሃ አፈር የለም?»

«ያለው አሸዋ ነው። አሸዋ ፎስፌት አይዝም» አልሁ።

ይህን ማለት አልነበረብኝም። ፎስፌት ምን እንደሆነ፣ ይፈነዳ እንደሆነ፣ ዓሣ ሱቅ ያለው ሕንድ ማን እንደሆነ ሳስረዳ አንድ ሰዓት ከሩብ በአንድ እግሬ ቆምሁ። በመጨረሻ ለቀቁኝ። ጥቂት እንደራቅሁ አንዱ ተከትሎኝ መጣ፤ ከረጢቱን አውርጄ ጠበቅሁት። «አባቴ፣ የኛም ማሳ እንዲህ ቀይ ነው፤ ምን ይሻለዋል?» አለኝ። ኖራ አልሁት። ስለ መንገዱ ሌላ የምጽፈው የለም።

አፈሩን እናትሽ ቤት አስቀመጥሁት፤ አምስት ቀን ቁርበት ላይ ተሰጥቶ እንዲደርቅ። ከዚያው ሕይወት ትወስደዋለች። ሲደርስሽ ውኃው ጠርቶ እስኪወርድ እጠቢውና በቀጭን የሴት ካልሲ ቋጥረሽ ሞተሯ ውኃ የምትተፋበት ላይ ስቀዪው። በዐሥር ቀን ቁጥሩ ካልወረደ ጋሽ ዳፕ አትበይኝ።

እናትሽ መነጽሩን አድርጋለች። «ሌላ ምንም አትላኪ፣ ብቻ ነይ በላት» አለችኝ። ሌላ ነገር አላለችም። ስወጣም ቀና ብላ አላየችኝ፤ ሥራ ይዛ ነበር።

አጎትሽ ባምላኩ


ዶሃ፣ የካቲት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

አጎቴ፣ ጾሙን በሰላም ያስፈጽመን።

1.94 ሆነ።

አልተሳሳትኩም፤ አራት ጊዜ ለክቻለሁ። አፈሩ ደርሶኝ እንዳሉት አጠብኩ፣ ቋጠርኩ፣ ሰቀልኩ። ቀይ ያሉት ጠቆር ብሎ ነው የደረሰኝ፤ እርጥበት አግኝቶት ይሆናል አልኩ። ሽታው እንዴት ደስ እንደሚል! የቤታችን ጓሮ ሸተተኝ፤ በርሜሉ ጫፍ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። በሦስተኛው ቀን ስለካ ከ0.40 ወደ 1.10፣ በስድስተኛው 1.94። ውኃው ሻይ መስሏል። ብረት ፎስፌት ይይዛል አላሉኝም? ይህስ ሲፈታ ነው ያየሁት።

አሁን ግን የምጠይቅዎ ስለ ድንጋይ አይደለም።

እኔ የዚያ አገር ልጅ ነኝ፤ መርዶ እንዴት እንደሚነገር አውቃለሁ። መጀመሪያ «ደህና ናት» ይባላል። ቀጥሎ ዝርዝሩ ያጥራል። ከዚያ «ምንም አትላኪ» ይመጣል። ከዚያ አንድ ማለዳ አምስት ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በር ያንኳኳሉ። በኅዳር ስለ ገብሷና ስለ ምስሯ ጻፉልኝ። በየካቲት «ሌላ ነገር አላለችም»። ሕይወት አፈሩን ስትሰጠኝ ዐይኔን አላየችም። «እናቴ እንዴት ናት?» ስላት «ደህና ናት» ብላ ስለ አንበሳሜ ገበያ ታወራኝ ጀመር፤ ማን ሱቅ ከፈተ፣ ማን ዘጋ። «አንቺ ልጅ፣ እናቴን ነው የጠየቅኩሽ!» ስላት «በእመቤቴ እኔን አታስለፍልፊኝ፤ አደራ ተብያለሁ» ብላ ሮጠች።

ምን አደራ ነው፣ አጎቴ? ወደ ጎረቤታችን ወደ እነ እመቤት ስልክ ዓርብ ዓርብ እደውላለሁ፤ «አይገኙም» ይለኛል። እናቴ ካመማት አመማት ይበሉኝ። ሌላ ከሆነም ይንገሩኝ። በርሜል ስቀይር ከምሰማው ተቀምጬ ብሰማው ይሻለኛል።

መጋቢት 25 ሊደርስ ነው። ሊንዳ ሻንጣ ገዝታለች።

ሰብለወንጌል


ደብረ ታቦር፣ መጋቢት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሰብለወንጌል፤ ይህን ብቻሽን ሆነሽ አታንብቢው። ሕይወትን ጥሪያት። ተቀመጪ።

እናትሽ ደህና ናት። አሁን ስጽፍ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ በላክሽላት መነጽር እጄን ትቆጣጠራለች፤ ማንበብ ባትችልም። ይህን ነገር ከሌላው በፊት ማስቀደም ነበረብኝ፤ «ተቀመጪ» ብዬ መጀመሬ የአገር ልማድ ሆኖብኝ ነው። የሞተው አፈሩ ነው።

ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ በእግሬ ጋፋት ወጣሁ።

«ለተሥላሴ» አልሁ፣ «ያን አፈር ምን አደረግሽው?»

«የቱን አፈር?»

«ቀዩን! የቆፈርሁትን!»

«ያንንማ አጥር ሥር ደፋሁት።»

ወንበር ፈለግሁ፤ ወንበር አልነበረም።

«ታዲያ ለልጅቱ የሄደው ምንድን ነው?»

«ስማ ባምላኩ» አለች፤ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። «ልጄ ከሄደች ስድስት ዓመቷ ነው። አንድ ቀን አፈር ላኪልኝ ብላ አታውቅም። ዛሬ ብትል የገደል ፍርስራሽ ልስደድላት? ገብስ እንኳ የሚጠየፈውን? ያች የአንበሳሜ ልጅ መንገድ ላይ ፈታ ብታየው፣ ጓሮዋ ሙሉ ሳለ ለልጇ ይህን ላከችላት ብላ አገር ላገር ታወራልኛለች! ከበጎቹ በረት ሥር ያለውን፣ ጎመኔን የማበቅልበትን፣ ጥቁሩን ነው የላክሁላት። በወንፊት ነፍቼ!»

«ለተሥላሴ፣ ከዚህ እስከ እብናት ከዚያ የበለጠ ፎስፌት ያለበት አፈር የለም እኮ።»

«አላልሁህም?» አለችኝ፤ ፊቷ በራ።

ቀና ብላ ያላየችኝ ለዚህ ኖሯል። ሕይወትንም «ከበረቱ ሥር የወሰድሁት መሆኑን ለባምላኩ እንዳትነግሪ፤ ለልጄም እዚያ ስትደርሺ አትንገሪያት፣ ሽታው ራሱ ይነግራታል» ብላ በማርያም አስምላታለች። የእመቤት ስልክ የማይነሣው ኔትወርኩ ስላልተመለሰ ነው። መርዶ የመሰለሽ ነገር ይኸው ይህ ነው፤ በግ ነው።

ካልሲውን አውጪ። ውኃውን አራት ጊዜ ቀይሪ፤ ድንጋዩ የጠጣውን መልሶ ይተፋል። ከታኅሣሥ ጀምሮ 0.40 ላይ ለምን እንደተገተረ ግን አልገባኝም። የሠላሳ አንድ ዓመት ዕውቀቴን እንደ ጆንያ ገልብጬ አራገፍሁት፤ ምንም አልወደቀም። ምናልባት ከድንጋይ ድንጋይ ይለያል።

እናትሽ «ለፋሲካ በጉን አስሬያለሁ» ጻፍ አለችኝ። ጻፍሁ።

አጎትሽ ባምላኩ

ይህን ከጻፍሁ ዐሥራ አንድ ቀን ሆነው። መኪና አልወጣም። ዛሬ ይወጣል እየተባለ ነው።


ዶሃ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለአቶ ባምላኩ፤ እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሰዎ። ደብዳቤዎ የደረሰኝ በፋሲካ በሦስተኛው ቀን፣ ማክሰኞ ነው። ሕይወት አጠገቤ ነበረች፤ እኔ ሳነብ እርሷ «ይቅር በይኝ» ትላለች፣ «ተይኝ ላንብብ» እላታለሁ። «በግ ነው» የሚለው ላይ ስደርስ ሁለታችንም ሳቅን፤ ማዳም ወጥታ እስክታየን ድረስ። ከዚያ እኔ ብቻ ትንሽ አለቀስኩ።

ሊንዳ መጋቢት 26 ሄደች። ስትሰናበተኝ መለኪያዬን ስማ መለሰችልኝ። ለፋሲካ ሕይወት በአጥሩ ላይ ዶሮ ወጥ አቀበለችኝና ከበርሜሉ አጠገብ ቆሜ ፈሰክኩ።

የእናቴን አፈር አልጣልኩትም። ባልዲ ውስጥ አድርጌ ጎመን ዘራሁበት። ማዳም እንኳ «ምን አድርገሽበት ነው?» እስክትለኝ ድረስ በቅሏል።

ያሉኝን አድርጌያለሁ። ካልሲውን ደብዳቤዎ ሳይደርሰኝ አውጥቼው ነበር፤ ውኃውን አራት ጊዜ ቀየርኩ። ከ1.94 ወደ 0.90፣ ከዚያ 0.55፣ ከዚያ 0.40። እዚያው ቆመ። ማዳም ከአሁን ወዲያ ስለ ፈቃድ የሚነሣው ለመጪው ዓመት ነው ብላለች።

እናቴ ከጠየቀችዎ ደህና ናት፣ ጎመኑም በቅሏል ይበሏት። ሌላውን አይንገሯት። ሌላው ይህ ነው።

ትናንት ጠዋት በርሜሉን ለመሙላት ውኃ ስቀዳ የማሩ ጾመኛ መደብ ትዝ አለችኝ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ እርስዎም ለሥራሽ ይጠቅማል ብዬ አይደለም ብለውኝ ነበር። አዲስ ባልዲ አመጣሁ። ከታንከሩ ቀዳሁ፣ እንደ ወትሮው ጨው መዝኜ በጠበጥኩ፣ ድንጋይ ስለሌለበት ሦስት ቀን መጠበቅ አያስፈልገውም ብዬ እዚያው ለካሁት። 0.40 አለ። ከታንከሩ ደግሜ ቀድቼ ጨው ሳልጨምርበት ለካሁ። 0.40።

የታንከሩ ውኃ ራሱ ነው። ደብተሬን ወደ ኋላ ገለጥኩ። ድንጋዩ የጸዳው ታኅሣሥ 4 ቀን ኖሯል።